ፉታ ጃሎንን በእግር፤ ከአስጎብኚዬ ጋር በጊኒ ደጋ መንደሮች

ወደ ፉታ ጃሎን በእግር ለመጓዝ ሳስብ ከሁሉ አስቀድሜ የቆረጥሁት የጉዞውን ወቅት ነበር። በጊኒ ደጋማ ክፍል ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ በእነዚያ ወራት ወንዞቹ ስለሚሞሉ መሻገሪያዎቹ ይዘጋሉ፣ የገደሉ ድንጋይም ያንሸራትታል። ከታኅሣሥ አጋማሽ ወዲያ ደግሞ ሃርማታን የሚባለው ደረቅ ነፋስ ከሰሃራ አቧራ ይዞ ስለሚመጣ ሰማዩ ይደበዝዛል፤ አፋፉ ላይ ቆሞ ሩቅ ለማየት የመጣ ሰው ከፊቱ ያለውን ሸለቆ እንኳ በቅጡ አያይም። ስለዚህ ኅዳርን መረጥሁ። ፏፏቴዎቹ ገና ውኃ ነበራቸው፣ ሣሩ አልደረቀም፣ መንገዱ ግን ጠንክሮ ነበር።

ፉታ ጃሎን በጊኒ መካከል የተንጣለለ ሰፊ አምባ ነው። አማካይ ከፍታው 900 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በሰሜን በኩል ማሊ በምትባለው የጊኒ ከተማ አጠገብ ያለው ከፍተኛው የሉራ ተራራም ከ1500 ሜትር እምብዛም አያልፍም። ከ2300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ ላደገና የሰሜን ተራሮችን ለረገጠ ሰው ይህ ቁጥር ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የዚህ አገር ፈተና የአየር መሳሳት ሳይሆን የአፋፉ ቁልቁለት ነው። የአሸዋ ድንጋዩን ውኃ ለዘመናት እየሸረሸረ ስለቆረጠው፣ ለጥ ያለው ሜዳ ሳይታሰብ ያልቅና በመቶ ሜትሮች ወደሚቆጠር ገደል ይወርዳል። መንደር ከላይም ከታችም ስላለ መንገዱ ሁሉ መውረድና መውጣት ነው፤ ከታች የሚጠብቀውም ሙቀት የቆላ ሙቀት ነው። ከእኛ ደጋ ተነሥቶ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ሰውነቱን ሲያዘጋጅ ስለ ሳንባው ሳይሆን ስለ ጉልበቱና ስለሚጠጣው ውኃ ቢያስብ ይሻለዋል።

እኛ አገራችንን የአፍሪካ የውኃ ማማ እንደምንላት፣ የምዕራብ አፍሪካ ሰዎችም ስለ ፉታ ጃሎን እንዲሁ ይላሉ፤ እውነትም ነው። የሴኔጋል ወንዝ ዋና ገባር የሆነው ባፊንግ ከማሙ አካባቢ ይነሣል፣ የጋምቢያ ወንዝ ምንጭ የአምባው ትልቅ ከተማ ከሆነችው ከላቤ ብዙ አይርቅም፣ ወደ ኒጀር የሚፈሰው ቲንኪሶም ከዚሁ አምባ ነው የሚወጣው።

ከኮናክሪ እስከ ላቤ ያለው መንገድ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን በኪንዲያ፣ በማሙ፣ በዳላባና በፒታ በኩል ያልፋል። የሕዝብ ማመላለሻው አሮጌ የቤት መኪና ነው፤ ሳይሞላ አይነሣም፣ በጣራው ላይም ጆንያና ፍራሽ ይቆለላል። የፊተኛውን መቀመጫ ለሁለት ሰው ስለሚሸጡት የሁለቱንም ዋጋ ከፍዬ ብቻዬን ተቀመጥሁ፤ ለረጅም መንገድ የሚያዋጣ ወጪ ነው። ዳላባ ላይ ወርጄ ማደሬም ጠቅሞኛል። ከተማዪቱ 1200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ቀዝቃዛ ነው፤ ደቡብ አፍሪካዊቷ ድምፃዊት ሚርያም ማኬባም በስደት ዘመኗ እዚያ ቤት ነበራት። ገንዘብን በተመለከተ አንድ ነገር ማወቅ ያሻል፦ ትልቁ የጊኒ ፍራንክ ኖት 20,000 ሲሆን ከሁለት የአሜሪካ ዶላር ብዙም አይበልጥም፤ በመንደሮቹም ካርድ የሚቀበል ስለሌለ የጉዞውን ወጪ በሙሉ በጥሬ ገንዘብ፣ ያውም በትናንሽ ኖቶች ጭምር፣ መያዝ ግድ ነው።

ከዚህ ሁሉ ግን ጉዞውን ጉዞ ያደረገው የአስጎብኚው ምርጫ ነው። ላቤ ላይ ጥቂት ቆይቼ ከበርካታ ሰዎች ጋር ተነጋገርሁ። አንዳንዶቹ በስልካቸው ያነሷቸውን የፏፏቴ ፎቶግራፎች ያሳዩኝ ነበር፤ አንዱ ግን ፎቶግራፍ ሳያወጣ፣ በየመንደሩ የሚያሳድሩንን አባወራዎች በስም እየጠራ ማን ሰፊ ቤት እንዳለው፣ የማን ሚስት በቅርቡ እንደወለደችና እንግዳ መቀበል እንደሚከብዳት ነገረኝ። ዓርብ ቀትር ላይ የት እንደምንደርስ ስጠይቀውም ያለማመንታት መስጊድ ያለበትን መንደር ጠቀሰልኝ። ያን ጊዜ እሱን መረጥሁ። ከፒታ ወደ ቴሊሜሌ በሚወስደው መንገድ፣ በዱኪ አካባቢ ካሉት የአፋፍ መንደሮች በአንዱ የተወለደ ሰው ነበር፤ የአካባቢው የፉልቤ (ፉላኒ) ሕዝብ ቋንቋ የሆነውን ፑላርን እና ፈረንሳይኛን ይናገራል፣ እንግሊዝኛውም ለመግባባት ይበቃ ነበር።

ከመነሣታችን በፊት የተስማማንበትን ሁሉ በወረቀት ጻፍን፦ የቀን ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ ዕረፍት ያደረግንበት ቀን እንደሚከፈል፣ ምግቡን ማን እንደሚገዛ፣ ከፒታ እስከ መነሻው መንደር የሚወስዱን ሞተር ብስክሌቶች ዋጋ በማን ላይ እንደሆነ። ለአሳዳሪዎቻችን የሚገባው ግን በእሱ በኩል ሳይሆን ከእኔ እጅ በቀጥታ እንዲሰጥ ጠየቅሁ፤ እሱም ደስ አለው፣ ምክንያቱም ጎረቤቶቹ በሆዳቸው የሚይዙትን ጥርጣሬ ያስቀርለታል። ይህን ልማድ ለማንኛውም ተጓዥ አጥብቄ እመክራለሁ።

የእግር መንገዱን ለማግኘት ብቻ ቢሆን ኖሮ የስልክ ካርታ ይበቃል የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን በፉታ ጃሎን የእግር መንገድ የሚያልፈው በሰው ግቢ ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ በእሾህና በሕያው ዛፍ የታጠረ ጓሮ አለው፤ ሴቶቹ በፋንድያና በቅጠል ብስባሽ እያዳበሩ በቆሎ፣ ጎደሬ፣ ካሳቫና ለውዝ የሚያለሙት እዚያ ነው። መተላለፊያው ከአጥር ወደ አጥር ይገባል፤ የእንጨት መወጣጫውን ተሻግሮ ክፍቱን እንደነበረ ያልዘጋ መንገደኛ የአንድን ቤት የዓመት ቀለብ ለፍየል አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው። አስጎብኚዬ በየአጥሩ ቆሞ «ኦን ጃራማ» ብሎ ድምፁን ያሰማ ነበር። ከዚያ ሰላምታው ይቀጥላል፦ ቤቱ፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ሥራው፣ ያደሩበት ሌሊት ይጠየቃል፤ ማንም አይቸኩልም። በሀገራችን ገጠር ሰላምታ ሲለዋወጡ ለሰማ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ጥቂት የፑላር ቃላት አጥንቼ እኔም መመለስ ስጀምር የሰዎቹ ፊት ሲፈታ አየሁ። ማታ ከመኝታችን በፊት ወደ መንደሩ ሽማግሌ ሄደን የኮላ ፍሬ እናቀርባለን፤ ፎቶግራፍም የምናነሣው እሳቸው ከፈቀዱ በኋላ ብቻ ነበር።

ከላይኛው መንደር ወደ ሸለቆው የወረድንበት መንገድ እስከ ዛሬ በዓይኔ አለ። ገደሉ በተሰነጠቀበት ጠባብ ቦታ ውስጥ፣ ከእንጨት ተሠርተው በሐረግ የታሰሩ መሰላሎች አንዱ ከሌላው በላይ ተደግፈዋል። የአካባቢው ሰዎች፣ ሴቶችም ሸክማቸውን በራሳቸው ተሸክመው፣ ወደ ገበያ የሚወጡት በእነዚህ ነው። አስጎብኚዬ ከታች ሆኖ እግሬ የሚያርፍበትን እየነገረ አወረደኝ፤ እንጨቱን በመካከሉ ሳይሆን ሐረጉ በታሰረበት ጫፍ ላይ እንድረግጥ፣ እጄንም ከመወጣጫው ይልቅ በቋሚው ላይ እንዳደርግ አስተማረኝ። ሁልጊዜ ጠዋት፣ ፀሐይ ወደ ስንጥቁ ሳትገባ መውረድና ቀትሩን ከወንዝ ዳር በጥላ ማሳለፍ የእሱ ደንብ ነበር። መውጣት የጀመርነው ጥላው ወደ ገደሉ ግድግዳ ሲመለስ ነው። ቸኩሎ በቀን ብዙ ኪሎ ሜትር ለመሄድ የሚያቅድ ሰው ይህን አገር በሚገባ አያየውም ብዬ አምናለሁ።

በአንዱ መንደር ሁለት ሴቶች ፎኒዮ ሲወቅጡ ደረስን። ፎኒዮ እንደ ጤፋችን እጅግ ደቃቅ የሆነ እህል ነው፤ ድንጋያማና መናኛ በሆነ መሬት ላይ ይበቅላል፣ ገለባው ግን ከፍሬው በቀላሉ አይለቅም። ሁለቱ ዘነዘናዎች በተራ እየወጡና እየወረዱ በአንድ ሙቀጫ ውስጥ ሳይጋጩ ይወቅጡታል፤ ከዚያ ይነፋል፣ ተመልሶ ይወቀጣል፣ እንደገና ይነፋል። በመጨረሻም አሸዋው እንዲቀር በሰፊ ዕቃ ውኃ ውስጥ እያዘቀጡና እያጠለሉ ብዙ ጊዜ ያጥቡታል። በእንፋሎት በስሎ ከለውዝ ወጥ ጋር ሲቀርብልኝ ከኋላው ያለውን ድካም አይቼው ስለነበር አንዲት ፍሬ እንድትወድቅብኝ አልፈለግሁም። ሌላው የአገሩ ምግብ ከበቆሎ የተሠራ ኩስኩስ በእርጎ ነው። እርጎው የሚገኘው ንዳማ ከተባሉት ከብቶች ነው፤ ሻኛ የሌላቸው፣ አጠር ያሉ፣ በብዙ ቆላ አገር ከብት የሚጨርሰውን የገንዲ በሽታ የሚቋቋሙ ዝርያዎች ናቸው።

ጉዞዬን ያከበደው አንድ ንግግር አለ። በአንድ መስጊድ አጠገብ የተቀመጡ ሽማግሌ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ፤ ከአዲስ አበባ ስላቸው ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ ቴሊ ከነበረበት ከተማ ነው የመጣኸው?» አሉኝ። ዲያሎ ቴሊ በዚሁ በፉታ ጃሎን፣ በፖሬዳካ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1925 ተወልዶ፣ ከ1964 እስከ 1972 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የመጀመሪያ ዋና ጸሐፊ ሆኖ አዲስ አበባ የኖረ ሰው ነው። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በ1976 በጊኒ ፕሬዚዳንት በሴኩ ቱሬ መንግሥት ላይ አሲረሃል ተብሎ ተያዘ፤ በ1977 በቧሮ እስር ቤት ውስጥ ሞተ። ፖሬዳካ ራሷ በ1896 የፉታ ጃሎን ገዥ የነበረው ኢማም ቦካር ቢሮ በፈረንሳዮች ጦር ድል የተነሣባት፣ ከ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ የቆየው የፉልቤዎች መንግሥት ነፃነቱን ያጣባት ቦታ ናት። ይህን አስቀድሜ አንብቤ ስለነበር ከሽማግሌው ጋር ቁጭ ብለን እስኪመሽ ተጫወትን፤ ስለ ራዲዮናቸው፣ ስለዚያ ዘመን ፍርሃት፣ ከመንደራቸው ተወስደው ስላልተመለሱ ሰዎች ነገሩኝ። ከአስጎብኚ ጋር መሄድ ንባብን አያስቀርም፤ ጠያቂው ምን እንደሚጠይቅ ካላወቀ አስተርጓሚው ብቻውን ምንም ሊያደርግለት አይችልም።

በዚያው ልክ የማይጠየቅም ነገር አለ። በድሮው ሥርዓት መስጊድ ያለባቸው የጌቶች መንደሮች ሚሲዴ፣ ባሪያዎች ከታች እንዲኖሩና እንዲያርሱ የተደረገባቸው ደግሞ ሩንዴ ይባሉ ነበር። የእነዚያ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬም በብዙ ቦታ እዚያው ይኖራሉ፤ የማን ዘር ከየትኛው እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። አስጎብኚዬ ይህን ያብራራልኝ ሁለታችን ብቻ ስንሆን፣ ከመንደር ርቀን በባዶው የግጦሽ ሜዳ ስንሄድ ነበር፤ በሰው ፊት እንዳላነሣውም ለመነኝ። ስለ «ባህላዊ መንደር» የምናነብባቸው ጽሑፎች ውብ የሣር ክዳኑን እያደነቁ ይህን ያልፉታል፤ እኔ ግን መንደሮቹ ለምን ከላይና ከታች እንደተቀመጡ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ስለ ጤና አጭር ቃል ልጨምር። ወባ በጊኒ ዓመቱን ሙሉ አለ፤ በደጋ ያደገ ኢትዮጵያዊ አፍሪካዊ ስለሆነ ብቻ መከላከያ የለውም፣ ስለዚህ ከሐኪም ጋር ተማክሮ መድኃኒቱን ከጉዞው በፊት መጀመርና እስከ መጨረሻው መውሰድ አለበት። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም በመግቢያው ላይ ይጠየቃል። የምንጭ ውኃ እንኳ ቢሆን አክሜ ወይም አፍልቼ እንጂ እንዲሁ አልጠጣሁም።

ወደ ፒታ ስንመለስ በኮኩሎ ወንዝ ላይ ባለው በሦስት ደረጃ በሚወርደው የካምባዳጋ ፏፏቴ አጠገብ አረፍንና ሒሳባችንን እዚያው ዘጋን። አስጎብኚዬ ለሚቀጥለው ያሰበልኝ መንገድ በሰሜን ካለችው ከማሊ ከተማ ተነሥቶ አፋፉን በመውረድ ወደ ሴኔጋል፣ ወደ ኬዱጉ አካባቢ የሚሻገረው ነው። ለዚያ የሴኔጋል መግቢያ ፈቃድን አስቀድሞ ማጣራት፣ ከጊኒ ከመውጣት በፊትም ፓስፖርት ላይ የመውጫ ማኅተም ማስመታት ያስፈልጋል፤ እሱ እስከ ድንበሩ ብቻ ስለሚመራም ከወዲያ በኩል የሚቀበለኝን ሰው ስም በማስታወሻዬ ላይ ጻፈልኝ።