በቱሉ ዲምቱ የታክሲ ሰልፍ

ዛሬ ጠዋት ቱሉ ዲምቱ ታክሲ ስንጠብቅ የጎረቤቴ ልጅ ደብተሯን ገልጣ፣ «ጋሼ፣ ኢንቨስትመንት ባንክ ውስጥ ለመሥራት የትኛው የቢዝነስ ትምህርት ቤት ይሻለኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። በአንደኛው ገጽ የዩኒቨርሲቲዎችን ስም እንደ ዝናቸው ደርድራለች፤ ስለ ሥራው ልትጽፍበት የተወችው ሁለተኛው ገጽ ግን ባዶ ነበር። ያ ባዶ ገጽ ቀኑን ሙሉ ከዓይኔ አልጠፋም።

ይህ ባንክ ተቀማጭ ሰብስቦ እንደሚያበድረው እንደ ሰፈራችን ባንክ ሳይሆን፣ ኩባንያዎች አክሲዮንና ቦንድ (የብድር ሰነድ) ሸጠው ካፒታል እንዲያገኙ የሚያግዝ፣ ሲዋሃዱም የሚያማክር መሆኑን ነገርኳት። አብረውን የቆሙት አባቷ «ታዲያ ለምን ባንክ ተባለ?» አሉ፤ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። በአገራችን መንገዱ ገና አዲስ ነው፤ የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 የወጣው በ2013 ዓ.ም. ሲሆን፣ አክሲዮንና ቦንድ የሚገበያዩበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በይፋ የተከፈተው በጥር 2017 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ከትምህርት ቤቱ ዝና ይልቅ የኩባንያ ዋጋ ትመናን፣ የሂሳብ መግለጫ ትንተናንና ስታትስቲክስን በጥልቀት የሚያስተምር፣ ተማሪዎቹንም ለተግባር ልምምድ የሚልክ የትምህርት ክፍል እንድትፈልግ አጥብቄ ለመንኳት፤ ከዚያ ያለፉ ተመራቂዎች ዛሬ የት እንደሚሠሩም ሄዳ እንድትጠይቅ።

ታክሲው ሲደርስ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ባዶው ገጽ ላይ መጻፍ ጀምራ ነበር።