ሌስሊ ግሪንን ፍለጋ በለንደን ቲዩብ

በቲዩብ፣ ማለትም በለንደን የምድር ውስጥ ባቡር፣ ሄዳችሁ ቾክ ፋርም ጣቢያ ከወረዳችሁ ቶሎ አትሂዱ፣ መንገዱን ተሻገሩና ጣቢያውን ከፊት ለፊት እዩት። ሁለት መንገድ የሚገናኝበት ሹል ጥግ ላይ የተሰራ ባለ አንድ ፎቅ ህንፃ ነው፣ ፊቱ በሙሉ ጉበት በመሰለ ጠቆር ያለ ቀይ ሸክላ ተለብጧል፣ ፎቁ ላይ ደሞ ግማሽ ክብ የሆኑ ትላልቅ መስኮቶች ጥግ ለጥግ ተደርድረዋል። እኔ ስደርስ ዝናብ አባርቶ ስለነበር ሸክላው ሲያብለጨልጭ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ይሄን የሰራው ሌስሊ ግሪን ይባላል፣ እዛው ለንደን ያሉ ሰዎችም ብዙዎቹ አያውቁትም። እ.ኤ.አ በ1903 ገና በሃያዎቹ እድሜ እያለ ነው የአሜሪካዊው ባለሀብት የቻርልስ የርክስ ካምፓኒ የጣቢያዎቹን ዲዛይን የሰጠው፣ ያውም ሶስት መስመር ባንዴ፣ ዛሬ ቤከርሉ፣ ፒካዲሊና ኖርዘርን የምንላቸው ውስጥ ያሉ ማለት ነው፣ ወደ 50 የሚጠጉ ጣቢያዎች! ሶስቱም መስመር በ1906 እና በ1907 ተከፈቱ።

ከዛ ራስል ስኩዌር ሄድኩ። ሰው ሊፍት ይጠብቃል፣ እኔ ግን ጠመዝማዛውን ደረጃ በእግሬ ወረድኩት፣ 175 ደረጃ ነው፣ ታች ፕላትፎርሙ ላይ የጣቢያው ስም ራሱ በሴራሚክ ተሰርቶ ግድግዳው ላይ አለ። ግሪን ለየጣቢያው የተለያየ የሴራሚክ ቀለምና ጥለት ነው የሰጠው፣ ተሳፋሪው ግድግዳውን አይቶ የት እንደደረሰ እንዲያውቅ። ስለሚያልፈው ሰው እንዲህ ያሰበ አርክቴክት ደስ ይለኛል።

ከሁሉም በላይ የገረመኝ ግን ጣሪያው ነው። የህንፃዎቹ አጥንት ብረት ነው፣ ያኔ ለንደን ላይ ገና አዲስ ነገር ነበር፣ ጣሪያው ደሞ ጠፍጣፋ የሆነው በኋላ ሌላ ሰው ላዩ ላይ ፎቅ እንዲጨምርበት ተብሎ ነው። አርጋይል ስትሪት ያለውን የኦክስፎርድ ሰርከስ መግቢያ ብታዩ ታች ቀዩ የሱ ነው፣ ላይ ያሉት ቢሮዎች የሌላ አርክቴክት ስራ ናቸው፣ ቾክ ፋርም ላይ ግን እስካሁን ማንም አልጨመረበትም።

መጨረሻ ላይ ኦልድዊች ሄድኩ፣ በ1994 የተዘጋ ጣቢያ ነው፣ ፊቱ ላይ አሁንም ስትራንድ የሚለው የድሮ ስሙ ይነበባል። የተከፈተው በህዳር 1907 ነው፣ ግሪን ደሞ በነሐሴ 1908 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ፣ 33 አመቱ ነበር። ያን ሁሉ ስራ በአምስት አመት ውስጥ ጨርሶ ሄደ፣ እዛ በር ላይ ቆሜ ሳስበው በጣም አዘንኩ።

የቱፍኔል ፓርክ ጣቢያም የሱ ነው፣ እዛ ሰፈር የሐበሻ ምግብ ቤት ስላለ ለንደን ያላችሁ ብዙዎቻችሁ በሱ በር ገብታችሁ ወጥታችኋል። እኔም ማታ እዛው ወርጄ እራት እየበላን ስለሱ ሳወራ አመሸሁ። ሌላ ጊዜ ስመለስ ሆሎዌይ ሮድና ካሌዶኒያን ሮድ ነው የምሄደው፣ እነሱም የሱ ስራዎች ናቸው።