ነጥብ ቆጠራ በኮምቦልቻ

ከደሴ ስነሳ ከጠዋቱ 3 ሰዓት አልፎ ነበር። ጥፋቱ የጀመረው እዚያ ላይ ነው። የሚኒባሱ ረዳት «አንድ ሰው የቀረው!» እያለ አራት ሰው ጫነ። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ጆሮዬ ተደፈነ፣ ጃኬቴን አወለቅኩ። ደሴና ኮምቦልቻ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም በከፍታ ከ500 ሜትር በላይ ይበላለጣሉ። አየሩ ሌላ አገር ነው።

የሄድኩት ያችን ነጠብጣብ ያላትን ቀይ ጥንዚዛ ፎቶ ለማንሳት ነው። ለአክስቴ በስልክ ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ «አብሽር፣ ጎመኔ ላይ ሞልቶልሃል» አለችኝ።

አክስቴ ቦርከና ዳር ትንሽ የጎመን መደብ አላት። ጎመኑን ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ መትቶታል። ቅጠሉን ገልበጥ ሳደርገው ግራጫ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ጠጋ ብዬ ሳየው ዱቄቱ ይንቀሳቀሳል። ጥንዚዛዋ የምትመጣው ይህን ልትበላ ነው።

ግን ፀሐዩ በርትቷል። ስልኬን ባስጠጋሁ ቁጥር ወይ ቅጠሉ ስር ትገባለች፣ ወይ ክንፏን ከፍታ እብስ ትላለች። 60 ፎቶ አንስቼ ጥርት ብሎ የወጣው አንዱ ብቻ ነው። እሱም የራሴ አውራ ጣት ነው።

ማታ የደበዘዙትን እያጎላሁ ነጥብ ቆጠርኩ። አንዷ 11፣ ሌላዋ 9። በቃ ሁለት ዓይነት ናቸው አልኩ። የአክስቴ ልጅ ደግሞ «ነጥቧ ዕድሜዋ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ሁለታችንም ተሳስተናል። ጥንዚዛዋ ከሙሽሬዋ፣ ማለትም ከትልነት ወደ ጥንዚዛነት ከምትለወጥበት ሽፋን፣ ስትወጣ ነጥብ የላትም፤ በሰዓታት ውስጥ ይወጣላታል፣ ከዚያ በኋላ አይጨምርም። የኔዋ ደግሞ በሳይንሳዊ ስሟ ሂፖዳሚያ ቫሪዬጋታ ትባላለች፤ ቫሪዬጋታ ማለት ዝንጉርጉር ነው። የነጥቧ ብዛት ከአንዷ አንዷ ይለያያል። መታየት ያለበት በጭንቅላቷና በክንፍ ሽፋኗ መሃል ያለችው ጥቁር ክዳን ናት። ከፊትና ከጎን ነጭ ጥለት አላት፣ መሃሏ ላይ ሁለት ነጭ ጠብታ። ሰውነቷም እንደ ግማሽ አተር ክብ ሳይሆን ሞላላ ነው።

ክዳኗን ለማየት ደግሞ ከፊት ለፊት ማንሳት ግድ ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ ከላይ ነበርኩ!

በማግስቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ መደቡ ውስጥ ተንበረከክኩ። ጤዛው ሱሪዬን አራሰው። ጥንዚዛዎቹ ፀሐይ እስኪያሞቃቸው ከቦታቸው አይነቃነቁም። ስልኬን አፍንጫዋ ስር መደቀኑን ትቼ ወደ ኋላ ሸሸት አልኩና በሁለት እጥፍ አጎላሁ። ጀርባዋ እንደ መስታወት ስለሚያብረቀርቅ በነጭ ወረቀት ከለልኩላት። አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከጎን፣ አንዱን ከፊት። ነጩ ጥለት ቁልጭ ብሎ ወጣ። ለመጠን ብዬ አጠገቧ የአንድ ብር ሳንቲም ሳደርግ ነካኋት መሰለኝ፣ እግሯን ሰበሰበችና ከጉልበቷ ቢጫ ፈሳሽ አወጣች። ጣቴ እስከ ቁርስ ድረስ ይከረፋኝ ነበር።

አክስቴ ጀበና ጥዳ መጣችና ፎቶውን አሳየኋት። «ቀይዋንስ አውቃታለሁ፣ አልነካትም። ይቺን ነው የምጨፈልቃት» ብላ ቅጠሉ ላይ የምትሄድ አንዲት ትል አሳየችኝ። ጥቁር ግራጫ፣ ብርቱካንማ ምልክት ያላት፣ ጥፍር የምታህል አዞ።

የጥንዚዛዋ ልጅ ናት። ክሽክሹን እሷም ትበላዋለች።

በአክስቴ አልፈርድም። ከዚሁ ወገን የጤፍና የገብስ ቅጠል የምትግጥ አለች፤ ጀርባዋ ጸጉር ስላለው አያብረቀርቅም፣ ልጇም እሾሃም ናት። ይቺ ግን ያቺ አይደለችም አልኳት።

አክስቴ ጎንበስ ብላ ትሏን ትክ ብላ አየቻት። «ውይ! ስንቷን ፈጀኋት» አለች። ከዚያ ጀበናው ገንፍሎ ሮጠች።