የፕላስቲክ ሣር

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ!

ይህን የምጽፍላችሁ ከኦማሃ፣ ነብራስካ ነው። ሽንኩርቱ እየተቁላላ ነው፣ ዶሮውም ተገነጣጥሎ ታጥቧል። ቄጠማ ግን ከየት ይምጣ? ባለቤቴ የፕላስቲክ ሣር ገዝታ ሳሎኑ ላይ አነጠፈችው። መጀመሪያ ሳቅሁባት፤ ኋላ ግን ሣሩን ሳየው ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሄደ።

መስከረም ላይ ወደ ሰሜን ግማሽ ሰዓት ያህል ነድቼ ብሌር የምትባል ትንሽ ከተማ ሄጄ ነበር። እዚያ ኮረብታ ላይ የብላክ ኤልክና የናይሃርት ፓርክ አለ። «የአራቱ ነፋሳት ግንብ» የሚሉት ባለ ሞዛይክ ሐውልት ቆሞበታል፤ ንድፉን ያወጣው የዚያው የዳና ኮሌጅ መምህር የነበረው ቶምሰን ነው። መነሻው የብላክ ኤልክ ራእይ ነው። ብላክ ኤልክ ላኮታ ነው፤ ላኮታዎች ፈረንጅ «ሱ» ብሎ ከሚጠራቸው የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች መካከል ናቸው። በ9 ዓመቱ ታሞ ተኝቶ ሳለ ሕዝቡን ያቀፈ ቀለበት፣ በመሐሉም የሚያብብ ዛፍ ታየው። በፈረንጆች 1931፣ ሸምግሎ፣ ለነብራስካው ባለቅኔ ለጆን ናይሃርት ነገረው፤ ያስተረጎመው ልጁ ቤን ነበር። ደመራ ዙሪያ ዞሬ ያደግሁ ሰው ነኝና ቀለበትና በመሐሉ የቆመ ዛፍ ሲባል ብዙ ማብራሪያ አላስፈለገኝም።

ሣሩ ያስታወሰኝ ግን ሌላውን ነው። ዲሴምበር 29 ቀን 1890 የአሜሪካ ጦር ደቡብ ዳኮታ ውስጥ ዉንድድ ኒ በሚባል ስፍራ ከ250 በላይ ላኮታዎችን ገደለ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ብላክ ኤልክ ተኩሱን ሰምቶ በፈረስ ደርሷል። ቁስለኞቹን ፓይን ሪጅ ወደምትገኝ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ወሰዷቸው። ስሟ ቅዱስ መስቀል ነው። ፈረንጆቹ ገናን ካከበሩ ገና 4 ቀናቸው ነበርና የበዓሉ ጌጥ አልወረደም። አግዳሚዎቹ ተነቀሉ፣ ወለሉ ላይ ድርቆሽ ተጎዘጎዘ፣ ቁስለኞቹም በላዩ ተደረደሩ። ካከሟቸው መካከል ራሱ የላኮታዎች ወገን ከሆነው ከዳኮታ ሕዝብ የተወለደው ዶክተር ቻርልስ ኢስትማን ነበር።

ድርቆሽ። በግርግሙም የነበረው እሱ ነው።

ብላክ ኤልክ ከዚያ 14 ዓመት ቆይቶ ካቶሊክ ሆኖ ተጠመቀ፤ ኒቆላስ ተባለ፣ ለወገኖቹም የሃይማኖት መምህር ሆነ። የአባቶቹን እምነት ትቷል አልተወም እየተባለ ዛሬም ይከራከሩበታል። እኔ አልገባበትም። ያን ቀን ያየ ሰው የልደትን ወንጌል ተቀምጦ ማስተማሩ ብቻ ይገርመኛል።

ፓርኩን ወድጄዋለሁ፤ ቅር ያለኝንም አልደብቅም። ግንብ ማቆም ቀላሉ ነው። ላኮታዎች የሚቀድሷቸው «ጥቁር ኮረብቶች» የሚባሉት ተራሮች ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በተፈረመው የ1868 ውል የእነሱ ተብለው፣ ኋላ ተነጠቁ። በ1980 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሳ ቢያጸናላቸውም፣ «መሬታችንን» ብለው ገንዘቡን እስከ ዛሬ አልነኩትም።

ባለቤቴ «ሣሩን ላንሳው እንዴ?» አለችኝ፣ ዝም ብዬ ሳፈጥበት። ተይው አልኳት። ሽንኩርቱ ሊያርብኝ ነው፤ መልካም ገና!