የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የዞረው ቪክስበርግ ላይ ነው

ያመፁት የደቡብ ግዛቶች ከሰሜኑ ጋር ስለተዋጉበት ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሳ «የዞረው የት ላይ ነው?» ብትሉ አብዛኛው ሰው ጌቲስበርግ ይላችኋል። እኔ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር የነበረችው የደቡቦቹ ምሽግ ከተማ ቪክስበርግ ላይ ነው ባይ ነኝ። (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ዘመኑ በእኛ የዐፄ ቴዎድሮስ መሆኑ ነው።) አንድ ውጊያ ጦርነት አዞረ ለማለት የተሸነፈው ወገን ከዚያ ቀን በኋላ ምን እንዳቃተው ማየት ያስፈልጋል። የደቡቡ ጄኔራል ሊ ጌቲስበርግ ላይ 28,000 ገደማ ሰው ቢጎዳበትም የተረፈውን ጦር ይዞ ቨርጂኒያ ገባ፤ ከዚያም ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ተዋጋ። በማግስቱ፣ ጁላይ 4 ቀን 1863፣ ቪክስበርግ እጅ ስትሰጥ ግን ደቡቡ ከ29,000 በላይ ወታደርና 172 መድፍ በአንድ ቀን አጣ። ከእሷ በታች ያለው የወንዙ ምሽግ ፖርት ሃድሰን በአምስተኛው ቀን ሲከተላት ሚሲሲፒ ወንዝ እስከ ባሕር ተከፈተ፤ የቴክሳስ ከብትና የአርካንሳስ እህል ለምሥራቁ ጦር የሚሻገርበት መንገድ ተዘጋ።

ከተማዋን ለመያዝ ያስቸገረው አቀማመጧ ነበር። ያኔ ወንዙ እንደ ፀጉር መርፌ ይታጠፍበት በነበረው ቦታ፣ ከፍ ያለ ገደል ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ጀልባ ጠመዝማዛው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን መቀነሱ አይቀርም ነበር፤ መድፉ ደግሞ ከላይ ነበር። የሰሜኑ ጄኔራል ግራንት በ1862 መጨረሻ በየብስ ሊመጣ ሞክሮ ሆሊ ስፕሪንግስ ላይ ያከማቸው ስንቅ ስለተቃጠለበት ተመለሰ። በ1863 መጀመሪያ ቦይ አስቆፈረ፤ አልሆነም።

የሆነው ኤፕሪል 16 ሌሊት ነው። የሰሜኑ አድሚራል ፖርተር ጀልባዎች በመድፎቹ ሥር ሾልከው ወደ ታች ወረዱ። የእንፋሎት ማሞቂያው ከተመታ የፈላው ውሃ መርከበኛውን ስለሚጨርሰው፣ ዙሪያውን በጥጥና በድርቆሽ እስር ከለሉት። ደቡቦቹ በወንዙ ዳር ያሉ ቤቶችን አቃጥለው ሌሊቱን ቀን አደረጉት። ያም ሆኖ ከመጓጓዣዎቹ የጠፋው አንድ ብቻ ነበር።

ቀጥሎ ያለውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ለእኔ ግን የታሪኩ ልብ እሱ ነው። ግራንት ከከተማዋ በታች ወንዙን የሚሻገርበት ቦታ ቸገረው፤ ግራንድ ገልፍ ላይ የነበረው ምሽግ አላላውስ አለው። ብሩንስበርግ ላይ ጥሩ ማረፊያ እንዳለ፣ ከዚያም ወደ ፖርት ጊብሰን ጥሩ መንገድ እንደሚወስድ የነገረው አንድ ጥቁር ሰው ነው። ግራንት ራሱ ይህን ጽፎታል፤ የሰውየውን ስም ግን አልጻፈም። አገሩን በእግሩ የሚያውቀው፣ ጌታው እንደ ንብረት የቆጠረው ሰው ነበር። ኤፕሪል 30 ጦሩ ያለ ተኩስ ተሻገረ።

ግራንት የስንቅ መስመሩን ሙሉ በሙሉ ቆርጦ ገባ የሚባለው ልክ አይደለም። ኮቾሮ፣ ቡናና ጨው ከኋላ በጋሪ ይመጣለት ነበር፤ ሥጋውንና ዱቄቱን ነው ከየእርሻው የወሰደው። ለጥይት መጫኛ ደግሞ የባላባት ሠረገላ ሳይቀር በበቅሎና በበሬ እያስጎተተ ሰበሰበ። ከሜይ 1 እስከ 17 አምስት ውጊያ አሸነፈ። ከዚያ ቸኮለ፤ ሜይ 19 እና 22 ምሽጉን በቀጥታ መትቶ ብዙ ሰው አስጨረሰና ወደ ከበባ ዞረ።

ከበባው 47 ቀን ፈጀ። የቪክስበርግ አፈር ሲቆፍሩት ሳይናድ ቀጥ ብሎ የሚቆም ቢጫ አፈር ነው፤ ስለዚህ ነዋሪው ዋሻ ቆፍሮ ገባ፣ የሰሜን ወታደር ደግሞ ከምሽጉ ሥር ጉድጓድ ነድሎ ጁን 25 አንድ ሺህ ኪሎ ገደማ ባሩድ አፈነዳ። ውስጥ ያለው ጦር ለከብት የሚዘራ የአተር ዓይነት ፈጭቶ ዳቦ ጋገረ፤ ውጩ ድንጋይ፣ ውስጡ ሊጥ። በመጨረሻ የበቅሎ ሥጋ ተበላ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጦርነቱ ባርነትን የማጥፋት ጦርነት ሆኖ ነበር። ፕሬዚዳንት ሊንከን ባሪያዎችን ነፃ የሚያወጣውን የነፃነት አዋጅ በጁላይ 1862 አዘጋጅቶ፣ ድል ሳይገኝ ቢወጣ የጭንቅ ጩኸት ይመስላል የሚል ምክር ስለሰማ አቆየው። ሴፕቴምበር 17 አንቲተም ላይ በአንድ ቀን 23,000 ገደማ ሰው ሞቶ፣ ቆስሎና ጠፍቶ ሊ ሲመለስ፣ በአምስተኛው ቀን አወጀ። አዋጁ ኬንታኪንና ሜሪላንድን የመሳሰሉትን ያላመፁ ግዛቶች አይነካም፤ በዚህ ይነቀፋል፣ መነቀፉም ተገቢ ነው። ግን ጦሩ የገባበት ሁሉ ነፃነት ገባ፤ ለጥቁሮችም የውትድርናውን በር ከፈተ። ወደ 180,000 ዘመቱ። ጁን 7 ቀን 1863 ከቪክስበርግ ትንሽ ወጣ ብሎ ሚሊከንስ ቤንድ ላይ፣ ጠመንጃ ከያዙ ጥቂት ቀን ብቻ የሆናቸው፣ ትናንት ባሪያ የነበሩ ወታደሮች በሳንጃ ተናንቀው ቦታቸውን ያዙ። እንደ ግራንት መንገድ አመልካች፣ የአብዛኞቹን ስም የሚያነሳ የለም።

ግን በኦገስት 1864 ሕዝቡ ጦርነቱ ሰልችቶት ሊንከን ራሱ ምርጫውን እሸነፋለሁ ብሎ ነበር። ሴፕቴምበር 2 የደቡቡ ከተማ አትላንታ ስትያዝ ነገሩ ተገለበጠ፤ ኖቬምበር ላይ ፕሬዚዳንቱን በየግዛቱ ስም ከሚመርጡት ወኪሎች 233 ድምፅ 212ቱን አገኘ። ጁን 1864 በተወካዮች ምክር ቤት ወድቆ የነበረው ባርነትን የሚያጠፋው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ጃንዋሪ 31 ቀን 1865 እንደገና ቀረበ። 119 ደገፉ፣ 56 ተቃወሙ። ለማለፍ የሚያስፈልገው 117 ነበር።