የሐዋሳው ኮንትሮለር የተቃጠለ ቀን

ማክሰኞ ረፋድ 4 ሰዓት ከ20 ላይ ከሐዋሳ ቅርንጫፍ ተደወለ። "ወንድሜ፣ ሲስተም የለም" አለችኝ የመጋዘኑ ኃላፊ። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሐዋሳው የዋይፋይ ኮንትሮለር (የቅርንጫፉን ዋይፋይ የሚመራው ማሽን) ፓወር ሰፕላይ ተቃጥሏል። አልደነገጥኩም። አክሰስ ፖይንቶቹ (ዋይፋዩን የሚያሰራጩት ሣጥኖች) ላይ ሁለተኛ ኮንትሮለር ብዬ የአዲስ አበባውን ሞልቼ ነበር። "አምስት ደቂቃ ስጪኝ፣ ራሳቸው ይዞራሉ" አልኳት። ያቺን አምስት ደቂቃ እስካሁን ሲያነሱብኝ ይኖራሉ።

መዞሩንስ ዞሩ። አክሰስ ፖይንት በየ30 ሰከንዱ ኮንትሮለሩን "አለህ ወይ?" እያለ ይጠይቃል፤ መልስ ሲያጣ ደጋግሞ ሞክሮ ወደ ሁለተኛው ይሄዳል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ያለፈው ወር የአዲስ አበባውን ሶፍትዌር ሳሳድግ የሐዋሳውን "በኋላ" ብዬ ትቼዋለሁ። አክሰስ ፖይንት ደግሞ የሚገባበት ኮንትሮለር ቨርዥን ከራሱ ከተለየ መጀመሪያ ያንን ቨርዥን ያወርዳል፣ ከዚያ ጠፍቶ ይነሣል። 40 ሜጋባይት ገደማ የሆነ ፋይል፣ 38 አክሰስ ፖይንት፣ መስመሩ 10 ሜጋቢት። ያውም ቅርንጫፉ በሙሉ የሚጠቀምበት መስመር። እኔ ስክሪኑ ላይ ተተክዬ "በማውረድ ላይ" የሚለውን ስቆጥር አምሳ ደቂቃ ሄደ።

ሲያልቅ ደግሞ 29ኙ ብቻ ገቡ። የአዲስ አበባው ኮንትሮለር የተገዛለት ፈቃድ ለ100 አክሰስ ፖይንት ነው፤ 71 የራሱ አለው። ቀድሞ የደረሰ ገባ፣ ዘጠኙ ደጅ ቀሩ። የሠራተኞች ካፌ ዋይፋይ አገኘ፤ ከመጋዘኑ አራቱ ግን አላገኙም፣ ባርኮድ ማንበቢያው እዚያ እያለ! ሰዎቹ በወረቀት መመዝገብ ጀመሩ።

ከሰዓት ቴክኒሻኑ ፓወር ሰፕላዩን ቀይሮ ኮንትሮለሩን አስነሣው። ተገላገልኩ ስል ሁሉም አክሰስ ፖይንቶች በሥራ ሰዓት መሀል ወደ ቤታቸው፣ ወደ ሐዋሳው ኮንትሮለር፣ ተመለሱ፣ እንደገና ጠፍተው ተነሡ። "ዋናው ሲመለስ ተመለስ" የሚለውን ምርጫ ክፍት ትቼው ኖሯል። እንግዲህ ስልኩን አስቡት።

ከዚያ በኋላ ዕቅዱን እንደገና ጻፍኩት። ሁለቱ ኮንትሮለሮች ቨርዥናቸው በአንድ ሌሊት ካልሆነ አይነካም። መመለሱን አጥፍቼዋለሁ፤ ማታ በእጄ ነው የምመልሳቸው፣ መብራት በሚመላለስበት አገር በራሱ እንዲሆን አልፈቅድም። ለተጨማሪ ፈቃድ ዶላር ከመጠበቅ ደግሞ ለእያንዳንዱ አክሰስ ፖይንት የቅድሚያ ደረጃ ሰጠሁ፦ መጋዘኑ አንደኛ፣ ካፌው መጨረሻ። ፋየርዎሉ ላይ አክሰስ ፖይንትና ኮንትሮለር የሚነጋገሩባቸው በሮች፣ 5246 እና 5247 ዩዲፒ፣ መከፈታቸውን፣ የኮንትሮለሩ ስም እስከ ትልቅና ትንሽ ፊደሉ በትክክል መጻፉን አየሁ።

ትልቁ ለውጥ ግን አክሰስ ፖይንቶቹን ሲስኮ ፍሌክስኮኔክት ወደሚለው አሠራር ማዞሬ ነው። ድሮ ወደ አዲስ አበባ ሲዞሩ፣ ሐዋሳ ካለ ላፕቶፕ አጠገቡ ወዳለው ፕሪንተር የሚላክ ወረቀት አዲስ አበባ ደርሶ ይመለስ ነበር። አሁን ትራፊኩ እዚያው ይወጣል፣ አዲስ አበባ የሚመጣው የቁጥጥሩ ብቻ ነው። ለዚህ ደርሶ መልስ መዘግየቱ ከ300 ሚሊሰከንድ እንዳይበልጥ ይፈለጋል፤ የእኛ 14 ሚሊሰከንድ ነው። "ታዲያ የሐዋሳው ኮንትሮለር ምን ያደርጋል?" ያለኝ ባልደረባ አለ። ከኮንትሮለር መቃጠል ይልቅ የፋይበር መቆረጥ ይበዛብናል፣ ነው መልሴ።

እሑድ ሐዋሳ ወርጄ የኮንትሮለሩን ገመድ ነቀልኩ። አንድ የመጋዘን ልጅ ካርቶን እየሳበ ባርኮድ ያነባል፤ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ። አልተቋረጠም። የመጋዘኑ 12 አክሰስ ፖይንቶች በሙሉ የአዲስ አበባው ኮንትሮለር ላይ ገቡ፣ ካፌው ያለ ኮንትሮለር ቀርቶ በራሱ ሠራ።

ቀጥዬ ፋይበሩንም ነቀልኩ። ልጁ ማንበቡን ቀጠለ። የእኔን ላፕቶፕ አጥፍቼ ስገባ ግን እምቢ አለኝ፤ የሠራተኛ መግቢያውን የሚያረጋግጠው ሰርቨር አዲስ አበባ ነው ያለው። ሐዋሳም አንድ እንዲቀመጥ ጠይቄያለሁ። ወረቀቱ ፊርማ ላይ ነው።