ባዶ ዲስክ ይዞ «ሞላሁ» ያለው ሰርቨር

ድሬዳዋ ያለው የቅርንጫፍ ሰርቨራችን ከሰዓት በኋላ ቀጥ አለ። ዳታቤዛችን ፖስትግሬስ መጻፊያ ቦታ አጥቶ ራሱን ዘግቷል። እኔ ያለሁት አዲስ አበባ። የፋይናንስ ኃላፊያችን ደወሉ።

«1 ቴራባይት ብላችሁ አይደል እንዴ ያስገዛችሁን? በምን ሞላ?»

«ዲስኩ እንኳ አልሞላም፤ አብዛኛው ባዶ ነው» አልኳቸው።

«ባዶ ከሆነ ታዲያ ለምን አይሠራም?»

ጥያቄያቸው ልክ ነው። መመለስ የነበረበት ግን ሰርቨሩን የጫነልን ድርጅት ነው። ሴንትኦኤስ 7 የተባለውን ሊኑክስ ሲጭኑ ኢንስቶለሩ ዲስኩን በራሱ እንዲከፋፍል ትተውታል። እሱ ደግሞ ሰፊ ዲስክ ካገኘ ሲስተሙ ለሚቀመጥበት ክፍል፣ ለሩት፣ 50 ጊጋ ይሰጥና የተረፈውን በሙሉ የተጠቃሚዎች ፋይል ለሚቀመጥበት ለሆም ያወርሰዋል። የኛ ዳታቤዝ የሚቀመጠው ቫር የሚባለው ፎልደር ውስጥ ነው፤ ቫር ያለው ሩት ላይ። 50ዋ ጊጋ ጢም ብላ ሞልታ፣ ከ800 ጊጋ የሚበልጠው ሆም ጥቂት የተረሱ ፋይሎች ይዞ ተንጣሏል። ደረሰኙ ላይ ግን «ኢንስታሌሽንና ኮንፊገሬሽን» ተብሎ ተከፍሎበታል። ይሄ ነገር እስካሁን ያናድደኛል።

ከሆም ቆርሶ ለሩት መስጠት ቢቻል ነገሩ ቀላል ነበር። ክፍሎቹ የተሠሩበት የፋይል ሲስተም፣ ኤክስኤፍኤስ፣ ግን ይሰፋል እንጂ አይጠብም። ስለዚህ ሆምን ማጥፋት ግድ ነው። ፋይሎቹን ወደ አዲስ አበባ ገልብጬ እንደሚከፈቱ አረጋገጥኩ። ሩት በሚባለው የአስተዳዳሪ አካውንት ገባሁ፤ በራሴ አካውንት ብገባ የምቀመጠው እዚያው ሆም ውስጥ ነዋ። ሆምን ከሲስተሙ ላላቅቀው አንማውንት ስለው «ቢዚ ነው» አለኝ። ማን እንደያዘው በሚያሳየው በፊውዘር ሳይ አንድ ሰው ሳይዘጋ የሄደው ሴሽን ነው። ዘጋሁት። ክፍሉን የሚያጠፋው ትእዛዝ፣ ኤልቪሪሙቭ፣ «እውነት ይጥፋ?» ብሎ ሲጠይቅ ባክአፑን እንደገና አይቼ ነው «ዋይ»ን የተጫንኩት። ዲስኩ የተከፋፈለው ክፍሎችን እየሠራ ማስፋት በሚያስችለው በኤልቪኤም ስለነበረ ሩት ሰርቨሩ ሳይጠፋ ሰፋ። ፖስትግሬስም ተነሳ።

ይሄኔ ባልደረባዬ «በል ሪስታርት አድርገውና እንገላገል» አለኝ።

«ቆይ፣ ሲነሳ የሚያገናኛቸው ክፍሎች የተዘረዘሩበት ፋይል፣ ኤፍኤስታብ፣ ውስጥ የሆም መስመር አለች።»

«አንዲት መስመር ምን ታመጣለች?»

ብዙ ነው የምታመጣው! ሰርቨሩን የሚያስነሳው ሲስተምዲ ሲነሳ የሌለውን ሆም 90 ሰከንድ ይጠብቃል። ሲያጣው ኢመርጀንሲ ሞድ ውስጥ ይገባል፣ ከርቀት የምንገባበት ኤስኤስኤችም ሳይነሳ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ሰው ኪቦርዱ ላይ ካልተቀመጠ ምንም ማድረግ አይቻልም፤ በዚያ ሰዓት ድሬዳዋ ያለው ደግሞ ዘበኛው ብቻ ነው፣ የሰርቨር ክፍሉ ቁልፍም እሱ ጋ አይደለም። መስመሯን አወጣሁ፣ የቀሩትን አንድ በአንድ አየሁ፣ ፋይሎቹን ሩት ላይ ወዳለው የሆም ፎልደር መለስኩ። ሪስታርት ያደረግነው ከዚያ በኋላ ነው። ፒንጉ እስኪመለስ ሁለታችንም ትንፍሽ አላልንም።

በማግስቱ ኃላፊዋ ለሩት 400 ጊጋ ብቻ እንደሰጠሁት ሲሰሙ «የቀረውንስ ለምን አልሰጠኸውም?» አሉኝ። አንዴ ከሰጠሁት መልሼ መውሰድ እንደማልችል፣ ነገ የቸገረው ሲመጣ ከነፃው ቦታ ላይ ወዲያው መጨመር እንደሚቻል አስረዳኋቸው። አሰብ አደረጉና «ይሄንን በጽሑፍ አድርገህ ስጠኝ» አሉ።

የሚቀጥለውን ሰርቨር ጨረታም ያሸነፈው ያው ድርጅት ነው። ዘንድሮ ግን ለቫር፣ ለሩትና ለሆም ስንት ስንት ጊጋ እንደሚያዝ፣ ምን ያህሉ ነፃ እንደሚተው ከውሉ ጋር አያይዘን አስፈርመነዋል።